ሻልከ የወረደው መቼ ነው?

ጥያቄው፦ «የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ነኝ። በ2024/25 15ኛ ሆነን ስንጨርስ የሰፈር ጓደኞቼ "ቀጣዩ ሻልከ እናንተ ናችሁ" እያሉ ማሾፍ ጀመሩ። እስካሁንም አልተዉኝም። እኔ የጀርመኑን ሻልከ የማውቀው ስፔናዊው ራውል ይጫወትለት በነበረ ጊዜ ነው። ቻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው ከእኛ ጋር ሲጫወቱ አይቻለሁ። እንደዚያ ያለ ክለብ እንዴት በአንድ ዓመት ተንኮታኩቶ ወደ ሁለተኛው ሊግ ይወርዳል? አምስት አሰልጣኝ ስለቀያየሩ ነው ይባላል። እውነት ነው? እኛንስ ያሰጋናል?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ ባጭሩ ከፈለግከው መልሱ «አይደለም» ነው። ሻልከን በ2021 ያወረዱት አሰልጣኞቹ አይደሉም። በአንድ ዓመትም አልወረደም። ዝርዝሩ ግን ረዘም ይላል፤ ቡና ካለህ ቅዳና ተቀመጥ።

ከአንድ ምሽት ልጀምር። ቀኖቹን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታብህ።

ሴፕቴምበር 18 ቀን 2020፣ ሙኒክ። የቡንደስሊጋው (የጀርመን አንደኛ ሊግ) መክፈቻ ነው፤ ባየርን ከሻልከ። ኮሮና ስለነበር ስታዲየሙ ባዶ ነው። በ4ኛው ደቂቃ ግናብሪ አገባ። ሁለተኛውን ሊዮን ጎሬዝካ ጨመረ። ሌቫንዶቭስኪ በፍጹም ቅጣት ምት ሦስት አደረገው። ከእረፍት መልስ ግናብሪ ሁለት ደግሞ ሃትሪክ ሠራ። ሙለር አገባ። ሰባተኛውን ሌሮይ ሳኔ፣ ስምንተኛውን ገና 17 ዓመቱ የነበረው ሙሲያላ። 8 ለ 0። የባየርን በረኛ ማኑኤል ኖየር ነበር፤ ብዙም ሥራ አልነበረበትም።

ሰው የሚያስታውሰው ውጤቱን ነው። እኔ ግን ያን ጨዋታ ሳስብ የሚመጡብኝ ሦስት ስሞች ናቸው፤ ኖየር፣ ጎሬዝካ፣ ሳኔ። ሦስቱም የሻልከ ነበሩ። ኖየር እዚያው ጌልዘንኪርሸን ተወልዶ እዚያው ክለብ ያደገ ልጅ ነው። በ2011 ተሸጠ። ሳኔ ከአካዳሚው የወጣ ነው። በ2016 ወደ 50 ሚሊዮን ዩሮ በሚጠጋ ዋጋ ማንቸስተር ሲቲ ወሰደው። ጎሬዝካ ደግሞ በ2018 በነጻ ሄደ። በነጻ! የጀርመን ብሔራዊ ቡድን አማካይ፣ ዕድሜው 23፣ አንድ ዩሮ ሳይከፈልበት። ባየርን ቤት አራተኛም ነበር፤ አሌክሳንደር ኑቤል። ከጥቂት ወራት በፊት የሻልከ በረኛና አምበል ነበር። እሱም በዚያው ክረምት ውሉ አልቆ በነጻ ነው የሄደው።

ስለዚህ ያ 8 ለ 0 ለእኔ የውድድር ዓመቱ መጀመሪያ አይደለም። ለዓመታት ሲጠራቀም የቆየ ሂሳብ የመጣበት ምሽት ነው።

አሁን ወረቀት አውጣና እነዚህን ጻፍ። በ2016 ዮኤል ማቲፕ በነጻ ወደ ሊቨርፑል። በ2017 ሴያድ ኮላሺናክ በነጻ ወደ አርሰናል። በ2018 ጎሬዝካ በነጻ ወደ ባየርን፣ ማክስ ማየር በነጻ ወደ ክሪስታል ፓላስ። በ2020 ኑቤል። አምስት ሰው በአራት ዓመት። ማቲፕን የሊቨርፑል ደጋፊ ጓደኛ ካለህ ጠይቀው። በ2019ኙ የቻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ለኦሪጊ ኳሷን ያቀበለው እሱ ነው።

የውል ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሙሉው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው ያለው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ክለቡ ሁለት ምርጫ አለው። ወይ ማደስ ወይ መሸጥ። አንድ ዓመት ሲቀረው ዋጋው ይወርዳል፤ ገዢው ያውቃላ። ስድስት ወር ሲቀረው ተጫዋቹ ከፈለገው ክለብ ጋር ቁጭ ብሎ መፈራረም ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለህ ነገር ማልያህን ለብሶ ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው። በአንድ ተጫዋች ላይ ይህ ሲሆን «አጋጣሚ ነው» ትላለህ። በሁለት ሲሆን «ወኪሉ አስቸጋሪ ነው» ትላለህ። አምስት ሲሆን ግን ቢሮ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው።

ሰው ግን ነበር። ደመወዝ የሚበላ ሰው ነበር። እስከ 2016 ሆርስት ሄልት፣ ከዚያ እስከ 2019 መጀመሪያ ክርስቲያን ሃይድል፣ ከዚያ ዮኸን ሽናይደር የስፖርት ጉዳዮችን ይመሩ ነበር። የራሳቸው ልጆች በነጻ ሲወጡ ከውጭ በውድ ይገዙ ነበር። ኤምቦሎን ከባዝል፣ ቤንታሌብን ከቶተንሃም። በ2018 ደግሞ ሰባስቲያን ሩዲ ከባየርን በ16 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ መጣ። ሩዲ አንድ ዓመት ተጫውቶ ወደ ሆፈንሃይም በውሰት ሄደ። ተመለሰ። እንደገና በውሰት ወደ ሆፈንሃይም ሄደ። ሻልከ በወረደበት ዓመት ሩዲ የሚጫወተው ለሆፈንሃይም ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ገንዘቡ ከየት መጣ? ከብድር፣ ከስፖንሰር፣ ደግሞም ገና ካልመጣ ገቢ። ጋዝፕሮም ከ2007 ጀምሮ ደረታቸው ላይ ነበር። ደመወዙ የቻምፒዮንስ ሊግ ቡድን ደመወዝ ነበር። ክለቡ ግን በየዓመቱ ቻምፒዮንስ ሊግ አይገባም ነበር። በ2016/17 10ኛ፣ በ2017/18 2ኛ፣ በ2018/19 14ኛ፣ በ2019/20 12ኛ። ይህንን መስመር አንድ ባንክ ሠራተኛ ብታሳየው ብድር ይከለክልሃል። ክለቡ ግን በየዓመቱ 2ኛውን እንጂ 14ኛውን አላቀደም።

ስለዚያ 2ኛ ደረጃ ትንሽ ልቆይ። በግሌ ለሻልከ ከሁሉ የከፋው ዓመት እሱ ነው ባይ ነኝ። አሰልጣኙ ዶሚኒኮ ቴዴስኮ ገና 32 ዓመቱ ነበር። ቡድኑ ተከላክሎ፣ 1 ለ 0 እያሸነፈ፣ ነጥብ ለቅሞ ከባየርን ቀጥሎ ጨረሰ። በዚያው ክረምት ጎሬዝካና ማየር በነጻ ሲወጡ ማን ይደንግጥ? ሁለተኛ ወጥተናል እኮ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በቀጣዩ ዓመት ማርች 2019 ማንቸስተር ላይ በሲቲ 7 ለ 0 ተሸነፉ። ከአግቢዎቹ አንዱ ሳኔ ነበር፤ ከዚያም አልፎ ሦስት ጎል አመቻችቷል። ቴዴስኮ ከሁለት ቀን በኋላ ተባረረ። ልብ በል፣ ይህ ሁሉ ከመውረዳቸው ሁለት ዓመት በፊት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እኛ አገር ብዙ የማይታወቅ። ሻልከ ባለቤት የለውም። የአባላት ማኅበር ነው፤ ከ150 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ጌልዘንኪርሸን የከሰል ማዕድን ከተማ ነበረች። ማዕድኑ ተዘጋ፣ ሥራው ጠፋ፣ ክለቡ ቀረ። ሰው እዚያ የሻልከ አባል የሚሆነው እኛ ዕድር እንደምንገባው ነው። ይህ ሲያዩት ደስ ይላል። ችግሩ ገንዘብ ሲያልቅ ነው። «አይዞህ» ብሎ ቼክ የሚፈርም ሼህ የለም። ድርሻ ሸጦ ቀዳዳ መድፈንም የለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር አንድ ሀብታም ሰው ላይ ተንጠለጠለ፤ ክሌመንስ ቶኒስ። የሥጋ ፋብሪካዎች ባለቤት ነው፤ የክለቡ የተቆጣጣሪ ቦርድ ሊቀመንበርም ነበር። በኦገስት 2019 ስለ አፍሪካውያን የተናገረው ንግግር በዘረኝነት ተወግዞ ለሦስት ወር ከወንበሩ ገለል አለ። ሦስት ወር ብቻ! ከዚያ ተመለሰ። በ2020 ክረምት ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ከ1,500 በላይ ሠራተኞች በኮሮና ተያዙ። ደጋፊው አደባባይ ወጣ፤ ሰውየው በጁን መጨረሻ ለቀቀ። መልቀቁ ተገቢ ነበር። ነገር ግን ክለቡ ሁለት አስርት ዓመታት የተደገፈበት ምሰሶ የተነሳው ቤቱ ሊፈርስ ሲል ነው።

በዚያው ሰሞን ዕዳው 200 ሚሊዮን ዩሮ አካባቢ ነበር። ታዲያ ቁጠባው ከየት ተጀመረ መሰለህ? ለአካዳሚው ታዳጊዎች መኪና ከሚነዱት ሾፌሮች። ሃያ ምናምን የትርፍ ሰዓት ሾፌሮች ናቸው። የእነሱ ደመወዝ ለአንድ ተከላካይ የሳምንት ሂሳብ አይሆንም። ቀጠሉ፤ በኮሮና ምክንያት ላልተገቡ ጨዋታዎች የቲኬት ገንዘቡ እንዲመለስለት የጠየቀ ደጋፊ፣ ለምን እንደቸገረው በጽሑፍ እንዲያስረዳ ቅጽ ላኩለት። አስበው፤ የራስህን ገንዘብ ለማስመለስ ድህነትህን ማስረዳት! ክለቡ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ግን ደጋፊ እንዲህ ዓይነቱን አይረሳም።

አሁን ወደ ሜዳው እንምጣ። በጃንዋሪ 17 ቀን 2020 ሻልከ ሞንሸንግላድባህን 2 ለ 0 አሸነፈ። አሰልጣኙ ዴቪድ ዋግነር ነው፤ ሃደርስፊልድን ወደ ፕሪምየር ሊግ ያሳደገው። ያኔ ነገሩ ሁሉ ጥሩ ይመስል ነበር፤ አውሮፓ መድረክ እናያለን ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ የውድድር ዓመቱ እስኪያልቅ 16 ጨዋታ ተጫውተው አንድም አላሸነፉም። አንድም። 12ኛ ሆነው የተረፉት በመጀመሪያው ዙር በሰበሰቡት ነጥብ ነው።

እዚህ ላይ የእኔ አስተያየት ጠንከር ያለ ነው። አሰልጣኝ የሚቀየርበት ጊዜ ካለ ያ ክረምት ነበር። 16 ጨዋታ አላሸነፈም፣ ዝግጅት ሊጀመር ሳምንታት አሉ፣ አዲስ ሰው ሙሉ ዝግጅት ያገኛል። አልቀየሩም። ማባረርም ካሳ ያስከፍላል፣ ኪስም ባዶ ነው። ከዚያ ሊጉ ተጀምሮ ሁለት ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ አባረሩት። ያው ካሳውን ከፈሉ፤ ዝግጅቱንም አጡት።

የቀሩትን አራቱን ፈጠን ብዬ ልለፍ። ማኑኤል ባውም መጣ፤ አሥር የሊግ ጨዋታ፣ ዜሮ ድል። ከገና በፊት ተሰናበተ። ሁብ ስቴቨንስ መጣ፤ በ1997 የዩኤፋ ዋንጫን ያስገኘላቸው ጀግና ነው፣ ለአንድ የሊግና ለአንድ የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ብቻ። ክርስቲያን ግሮስ መጣ፤ 66 ዓመቱ ነው፣ ከዛማሌክ ጋር የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ያነሳው ስዊዘርላንዳዊ። ቡንደስሊጋን ለአሥር ዓመት ገደማ አልነካትም። ከአንድ ድል በኋላ በፌብሩዋሪ መጨረሻ በሽቱትጋርት 5 ለ 1 ተሸንፎ ሄደ፤ ሽናይደርም አብሮት ሄደ። መጨረሻ ላይ ዲሚትሪዮስ ግራሞዚስ መጣ። የእሱ ሥራ በአብዛኛው ቀብር ማስፈጸም ነበር።

ታዲያ አሰልጣኝ መቀያየሩ ጉዳት የለውም ወይ ካልከኝ፣ አለው። አንዱ ወደ ፊት ተጫን ይልሃል፤ ሌላው ወደ ኋላ ተመለስ። አንዱ በሦስት ተከላካይ፣ ሌላው በአራት። ግን እሱ ትኩሳቱ ነው፤ በሽታው ቀድሞ የገባ ነው።

በሽታው ሜዳ ላይ ምን እንደሚመስል ከራሴ ልንገርህ። ድሮ እዚህ አገር ለአንድ ክለብ ቡድን መሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስሙን ተወው። ደመወዝ ሦስት ወር ዘግይቶ ነበር፣ በተከታታይ እንሸነፋለን። የታክቲክ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ ቀን ልምምድ ዳር ቆሜ የሆነ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። «ስጠኝ» የሚል ሰው የለም! ጤነኛ ቡድን ሲጫወት ሜዳው በጩኸት የተሞላ ነው፤ ስጠኝ፣ ልቀቃት፣ ሰው አለብህ፣ ዙር። የእኛዎቹ ዝም ብለዋል። ኳስ የያዘው ልጅ ቀና ሲል ጓደኞቹ ተቃዋሚው ጀርባ ገብተው ይጠብቁታል። እየሮጡ ነው፤ ከሩቅ ለሚያይ የሚታገሉ ይመስላሉ። ግን ኳሷ እንዳትደርሳቸው ነው የሚሮጡት። ኳሷን የያዘ ይሳሳታላ፤ የተሳሳተ ይሰደባላ። አሰልጣኙ «ተንቀሳቀሱ!» ይላል። ተንቀሳቅሰዋል እኮ፣ ለመደበቅ።

የሻልከን ጨዋታዎች በዚያ ዓመት ሳይ ያ ልምምድ ነበር የሚታወሰኝ። ተመልካች ስላልነበረ የሜዳው ድምፅ በቴሌቪዥን ይሰማ ነበር። እኔ ጀርመንኛ አልችልም። ዝምታ ግን ያው ዝምታ ነው። በፌብሩዋሪ ዶርትሙንድ በገዛ ሜዳቸው 4 ለ 0 ሲቀጣቸው፣ ሃላንድ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ያገባትን ጎል ሁሉም ያስታውሳል። እኔ ያየሁት ከጎሉ በኋላ ያለውን ነው። ማንም ማንንም አልተቆጣም።

በዚያ ላይ መልበሻ ክፍሉ ተበላሽቶ ነበር። በኖቬምበር 2020 ቤንታሌብና አሚን ሃሪት ከቡድኑ ልምምድ ታገዱ። ቬዳድ ኢቢሸቪች፣ ያ አንጋፋ አጥቂ፣ በልምምድ ላይ ከረዳት አሰልጣኙ ከናልዶ ጋር ከተጋጨ በኋላ ውሉ እንዲቋረጥ ተወሰነ። በአንድ ቀን ሦስት ሰው!

አሁን ደግሞ ተስፋ የመሰለችውን ቀን ላሳይህ። ጃንዋሪ 9 ቀን 2021፣ ሻልከ ከሆፈንሃይም። ከዚያ በፊት በተከታታይ 30 የሊግ ጨዋታ ሳያሸንፉ ቆይተዋል። የቡንደስሊጋው ክብረ ወሰን 31 ነው፤ የያዘው ታስማኒያ በርሊን የሚባል ቡድን ነው፣ በ1965/66። ታስማኒያ በዚያ ዓመት 2 ጊዜ አሸንፎ፣ 108 ጎል ተቆጥሮበት ወርዷል። ሻልከ ያን ቀን ካላሸነፈ ከታስማኒያ ጋር እኩል ሊጻፍ ነው። የሚገርመው የታስማኒያ ሰዎች ሻልከ እንዲያሸንፍ ነበር የሚመኙት። በዓለም ላይ የሚታወቁበት ነገር ያ ክብረ ወሰን ነው፣ ማን ይሰጣል?

ማቲው ሆፕ የሚባል የ19 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ አጥቂ ሆኖ ገባ። ከዚያ በፊት በሊጉ አንድም ጎል አልነበረውም። በረኛው ላይ ቺፕ አድርጎ አንድ። ደገመ። ሠለሰ። ሦስቱንም ያመቻቸለት ማን ነው? ሃሪት። ያ የታገደው ሃሪት። አራተኛውን ራሱ አገባ። 4 ለ 0። አየህ፣ ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። ለ90 ደቂቃ ሁለት ልጆች ፍርሃት ረሱ፤ በቃ።

ከዚያ በኋላ እስከ ሊጉ መጨረሻ ያሸነፉት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አውግስቡርግን 1 ለ 0፣ ከወረዱም በኋላ ፍራንክፈርትን 4 ለ 3። በጃንዋሪ መስኮት ኮላሺናክ በውሰት ተመለሰ፣ ሁንተላር በ37 ዓመቱ ተመለሰ፣ ሙስታፊ ከአርሰናል መጣ። ስም ነበር፤ እግር ግን ደክሟል። የሙስታፊን ነገር የአርሰናል ደጋፊዎች እንዲነግሩህ ልተወው።

መጨረሻው ኤፕሪል 20 ቀን 2021 ነው፤ ቢለፈልድ ላይ በአርሚኒያ 1 ለ 0። አራት ጨዋታ እየቀረ ወረዱ። ከ1991 ጀምሮ በሊጉ ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት። አውቶቡሱ በሌሊት ወደ ጌልዘንኪርሸን ሲመለስ ስታዲየሙ አጠገብ ብዙ መቶ ደጋፊዎች ይጠብቁ ነበር። መጀመሪያ ስድብ ነበር። ከዚያ እንቁላል። ከዚያ ተጫዋቾቹን ማሳደድ ተጀመረ፤ ፖሊስ ገባ። ተጫዋቾቹ በጨለማ እየሮጡ አመለጡ። ይህንን «የደጋፊ ፍቅር ነው» ብሎ የሚያሳምር ሰው ሰምቻለሁ። እኔ አይዋጥልኝም። እነዚያን ውሎች ያልፈረሙት ሰዎች በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አልነበሩም።

የመጨረሻው ሰንጠረዥ፦ 34 ጨዋታ፣ 3 ድል፣ 7 አቻ፣ 24 ሽንፈት። ያገቡት 25፣ የገባባቸው 86። 16 ነጥብ።

በዓመቱ ተመለሱ፣ እውነት ለመናገር በሚያምር ሁኔታ። ሜይ 7 ቀን 2022 ሳንክት ፓውሊን በሜዳቸው 2 ለ 0 ከተመሩ በኋላ 3 ለ 2 ገልብጠው አደጉ። ሲሞን ቴሮደ በዚያ ዓመት 30 ጎል አገባ። ዩክሬን ስትወረር የጋዝፕሮምን ስም ከማልያቸው ላይ አንስተው ነበር፤ ያም ገቢ ሄደ። በሜይ 2023 ሊጉ የመጨረሻ ቀን ላይ ደርሶ እንደገና ወረዱ። ዕዳ ያለበት ክለብ ሲያድግም ተጫዋች መግዣ የለውማ።

እንግዲህ የአንተ ጭንቀት። ማንቼ ሻልከ ይሆናል ወይ?

መጀመሪያ፣ ትልቅ ክለብ አይወርድም የሚልህን አትስማ። ማንቼ ራሱ በ1974 ወርዷል፤ የአውሮፓን ዋንጫ ካነሳ ከስድስት ዓመት በኋላ። የመጨረሻዋን ጎል በተረከዙ መትቶ ያገባባቸው ዴኒስ ሎው ነበር፣ የራሳቸው የቀድሞ ኮከብ፣ በሲቲ ማልያ። በእርግጥ በሌላ ሜዳ የነበረው ውጤት ብቻውን ያወርዳቸው ነበር። ግን አየህ፣ የገዛ ልጅ ነገር እዚህም አለ።

ሁለተኛ፣ 15ኛነትህን በ42 ነጥብ ለብቻው አትየው። በዚያ ዓመት ቶተንሃም 17ኛ ነበር፣ በ38። ከሥሩ ያለው ሌስተር 25 ነጥብ ነበረው። ሳውዝሃምፕተን 12፤ ከደርቢ የ2007/08 11 ነጥብ በአንድ ብቻ ይበልጣል። ማለትም ወለሉ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ያደጉት ሦስቱም ቡድኖች ተመልሰው ወረዱ፤ በፊተኛውም ዓመት እንደዚያው ነበር። ያደጉት ቡድኖች ደከም ባሉ ቁጥር የእናንተ ዓይነቱ ክለብ መጥፎ ዓመት የሚያሳልፍበት ትርፍ ቦታ ያገኛል። ሲጠነክሩ ግን ያ ቦታ ይጠባል። ስለዚህ ማየት ያለብህ ራስህን ብቻ ሳይሆን ከሥርህ ያሉትን ጭምር ነው።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ። የማንቼ የዓመት ገቢ ከ600 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው። ቻምፒዮንስ ሊግ ሳይገባም ይህንን ያመጣል። ሻልከ ቻምፒዮንስ ሊግ ሲቀርበት ደመወዝ መክፈል ያስጨንቀው ነበር። ዕዳ እናንተም አለባችሁ፣ ያውም ከሻልከ የሚበልጥ። ዕዳ ብቻውን ግን አያወርድም። የሚያወርደው ዕዳው ተጫዋች እንዳትገዛ፣ ውል እንዳታድስ፣ አሰልጣኝ በጊዜው እንዳትቀይር ሲያስርህ ነው። እናንተ እዚያ አልደረሳችሁም። ውድ ገዝቶ ርካሽ መሸጡን ግን ለምዳችሁታል፤ ይህንን ስልህ ቅር እንዳይልህ።

እኔ ብሆን ሰንጠረዡን ትቼ የማየው የውል ማብቂያ ዓመቶቹን ነው። የትኞቹ ልጆች አንድ ዓመት ቀራቸው? ከእነሱ ውስጥ ቋሚ ተሰላፊ ስንት ነው? ሻልከ ላይ በ2017 ይህንን የጠየቀ ሰው መልሱን አራት ዓመት ቀድሞ ያገኝ ነበር።

ለጓደኞችህ ደግሞ ይህንን ንገራቸው። በ2011 ሻልከ ኢንተርን ሚላን ላይ 5 ለ 2 አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ሲደርስ ያስቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ጌልዘንኪርሸን ላይ 2 ለ 0፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ 4 ለ 1። በመጀመሪያው ጨዋታ ጎሉ ሁለት ብቻ የሆነው በረኛቸው ስላዳናቸው ነው፤ ጊግስና ሩኒ እስኪያገቡ ድረስ አንድ ሰዓት ከምናምን ብቻውን ሲከላከል አምሽቷል። ያ በረኛ ኖየር ነው። በዚያው ክረምት ወደ ባየርን ሄደ።